ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ፦ አንድ ታሪካዊ ድራማና አንድ የድሮ ፊልም

ቅዳሜና እሑድን ቤቱ ውስጥ ያለ ሩጫ ለማሳለፍ የፈለገ ሰው ታሪካዊ ተከታታይ ድራማ ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ርዝመቱን ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር በሁለት ቀን የማያልቅ ከሆነ እሑድ ማታ ግማሽ ላይ ይቋረጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲቀጠል ደግሞ ማን የማን ወንድም እንደ ነበረ፣ ማን በማን እንደ ተቀየመ ለማስታወስ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። በዚህ መለኪያ ካየኋቸው ድራማዎች ሁሉ አንደኛ የማደርገው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበውን «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ክፍሎቹ ስድስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት አይሞሉም፤ ሦስቱን ቅዳሜ፣ ሦስቱን እሑድ ማየት ይቻላል። ዓርብ ማታ ደግሞ ለመግቢያ ያህል አንድ የድሮ ፊልም ቢታከልበት መርሐ ግብሩ ይሟላል፤ ለዚያ የምመርጠው የ1942ቱን «ካዛብላንካ» ነው።

ድራማውን ለሁለት ቀን ዕረፍት የተመቸ ያደረገው ግን የሰዓቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ የሚታጠፍበት ቦታም ጭምር ነው። ሦስተኛው ክፍል የሚዘጋው ኩሩው ባለጸጋ ዳርሲ የታሪኩን ዋና ባለታሪክ ኤልዛቤት ቤኔትን ለጋብቻ ጠይቆ፣ በጥያቄው መሀል ግን የቤተሰቧን ዝቅተኛነት እየዘረዘረ ሲያዋርዳት፣ እሷም የእህቷን ደስታ እንዳፈረሰና ዊክሃም የተባለውን ወጣት እንደ በደለ ፊት ለፊት ነግራ ስታሰናብተው ነው። አራተኛው ክፍል የሚከፈተው ደግሞ ዳርሲ በንዴት ወደ ማረፊያው ተመልሶ ሌሊቱን መልስ የሚሆናትን ረጅም ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ሦስተኛውን ክፍል ጨርሶ የተኛ ተመልካች፣ ልክ እንደ ኤልዛቤት የሰውየውን ጥፋት ብቻ ይዞ ያድራል፤ እሑድ ሲነሣም ደብዳቤው ይጠብቀዋል። ድራማው መጀመሪያ ሲተላለፍ ከሴፕቴምበር 24 እስከ ኦክቶበር 29 በየእሑዱ አንድ አንድ ክፍል እየቀረበ ስለ ነበረ የያኔው ተመልካች በዚህ ቁጣና በዚያ መልስ መካከል አንድ ሙሉ ሳምንት መቆየት ነበረበት። ለእኛ የአንድ ሌሊት ልዩነት ይበቃል፤ ያለ ምንም ልዩነት ማየት ግን ትልቅ ጉዳት አለው። ፊልም በኢንተርኔት የሚያቀርቡ አገልግሎቶች አንዱ ክፍል እንዳለቀ የሚቀጥለውን በራሳቸው ያስጀምራሉና ከማየትዎ በፊት ይህን አሠራር ከማስተካከያው ገብተው እንዲያጠፉት አጥብቄ እመክራለሁ። የኤልዛቤት የንዴት ፊት ሳይጠፋ የሚቀጥለው ክፍል ሙዚቃ ከጀመረ ጸሐፊው በዚያ ቦታ ላይ የደከመበት ሁሉ ይባክናል።

ያ ጸሐፊ አንድሩ ዴቪስ ነው። ድራማው የተወሰደበት፣ በ1813 የታተመው የጄን ኦስተን ልብ ወለድ ነገሩን በአብዛኛው በኤልዛቤት ዓይን ስለሚያሳይ አንባቢ ዳርሲን የሚያውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል ብቻ ነው። ዴቪስ ይህን ሚዛን አውቆ ለውጦታል። ድራማው ሲጀምር ዳርሲና ጓደኛው ቢንግሊ በፈረስ ሜዳውን ሲጋልቡ ኤልዛቤት ከኮረብታ ላይ ሆና ታያቸዋለች፤ ኋላም ዳርሲ ብቻውን ሆኖ ሲጽፍ፣ የሰይፍ ልምምድ ሲያደርግ፣ ከጉዞ መልስ ከነሸሚዙ ወደ ኩሬ ሲገባ እናያለን። የኩሬው ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ስለዚህም ከመጽሐፉ ንቅንቅ ማለት የማይወዱ ሰዎች ይቆጡበታል። እኔ ግን ጭማሪውን እደግፋለሁ። መጽሐፍ የአንድን ሰው ዝምታ በሌላ ሰው ሐሳብ ሊተረጉም ይችላል፤ ቴሌቪዥን ያንን አይችልምና ዝም የሚለውን ሰው ብቻውን ሲሆን ማሳየት አለበት። ያለ እነዚህ ትዕይንቶች ዳርሲን የተጫወተው ኮሊን ፈርዝ በየግብዣው ግድግዳ ሥር የሚቆም ፊቱ የጠቆረ ሰው ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከስድስቱ ክፍሎች አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው በአምስተኛው ክፍል በዳርሲ መኖሪያ በፔምበርሊ ቤት የሚደረገውን የሙዚቃ ምሽት ነው። የዳርሲ ታናሽ እህት ጆርጂያና ፒያኖ ላይ ተቀምጣለች። የቢንግሊ እህት ሚስ ቢንግሊ ኤልዛቤትን ለማሳፈር ብላ የዊክሃምን ስም በአዳራሹ ፊት ትጠራለች፤ ስሙ ግን ይበልጥ የሚያቆስለው ከዚህ ቀደም በዚያው ሰው ልትታለል ለጥቂት የተረፈችውን ጆርጂያናን ነው። ልጅቷ ደንግጣ ጣቷ ይሳሳታል። ኤልዛቤት ወዲያው የሙዚቃውን ገጽ ገልጬ ልርዳሽ ብላ ጠጋ ትልና ስሕተቱ የእሷ እንዲመስል አድርጋ ትሸፍናታለች። ከዚያ ቀና ስትል ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ከዳርሲ ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። አንድም ቃል አይለዋወጡም፤ እሱ እህቱን ስላዳነችለት ያመሰግናታል፤ እሷም ምስጋናውን ትቀበላለች። ሁለቱ ሰዎች ከዚያች ቅጽበት በኋላ ወደ ኋላ ሊመለሱ እንደማይችሉ ተመልካች ሁሉ ይገባዋል። በጎ ምግባር ወደ ፍቅር ሲለወጥ በዚህ ጥራት ያሳየ ሌላ የቴሌቪዥን ትዕይንት አላውቅም። ኤልዛቤትን የተጫወተችው ጄኒፈር ኤል በዚህ ሚና ባፍታ የተባለውን የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝታለች፤ የሚገባትም ነው፤ ሳቅ ሊመጣ ሲል ከአፏ በፊት በዓይኗ መታወቁ የገጸ ባሕርይዋን ብልህነት ከንግግሯ በላይ ይነግረናል።

የኤልዛቤትን እናት የሚስስ ቤኔትን ጩኸት ብዙዎች ይማረሩበታል፤ አሊሰን ስቴድማን ድምፅዋን በጣም ከፍ አድርጋ እንደምትጫወት አልክድም፤ ሁለት ሦስት ትዕይንቶች ላይ ረገብ ብትል እወድ ነበር። ሆኖም የሴትዮዋ ጭንቀት ቀልድ አይደለም። የቤቱና የመሬቱ ውርስ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለሆነ አባትየው የሞተ ዕለት ንብረቱ ሁሉ ለዘመዳቸው ለኮሊንስ ይሆናል፤ አምስት ሴቶች ልጆቿም ከነእናታቸው መጠጊያ ያጣሉ። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ተመልካች በዳንስ ግብዣና በጉብኝት የሚያልፈውን ጊዜ እንደ ሥራ ፈትነት አያየውም። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላ ጉድለት ነው፤ ያንን ሁሉ ቤት የሚያጸዱት፣ እሳቱን የሚያነዱት፣ ፈረሱን የሚይዙት ሰዎች ስድስቱም ክፍሎች እስኪያልቁ ድረስ ስምና ድምፅ የላቸውም ማለት ይቻላል። የፔምበርሊዋ የቤት ኃላፊ ብቻ ናት ስለ ጌታዋ ደግነት እንድትመሰክር ዕድል የተሰጣት።

የመቼቱ ሥራ እንከን የለበትም። ፔምበርሊ ከውጭ ሲታይ በቼሻየር የሚገኘው ላይም ፓርክ ነው፤ የውስጡ ክፍሎች ግን የተቀረጹት በደርቢሻየር በሚገኘው ሰድበሪ ሆል ነው፤ መገጣጠሙን የማያውቅ ሰው ሁለት ቤት መሆኑን ከቶ አይጠረጥርም። ድራማው የተቀረጸው በሱፐር 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሆነ ከኔጋቲቩ ታድሶ የወጣው ቅጂ የጨርቁን ድርና ማግ ሳይቀር ያሳያል። ምርጫ ካለዎት ይህንን የታደሰውን ቅጂ ይፈልጉ፤ የቀድሞዎቹ ዲቪዲዎች ቀለማቸው የደበዘዘ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጹ የ1970ዎቹ ድራማዎች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ቴፑ ላይ ካለው በላይ ዝርዝር ማውጣት አይቻልምና።

«ካዛብላንካ»ን ለዓርብ ማታ የመረጥኩት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚወስድ በመሆኑና የሳምንቱን ድካም ይዞ የተቀመጠን ሰው ከመጀመሪያው ደቂቃ ስቦ ስለሚይዝ ነው። ማይክል ከርቲዝ ይህን ፊልም የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማን እንደሚያሸንፍ ባልታወቀበት ጊዜ ነው፤ ውጥረቱም ከዚያ ይመነጫል። የፊልሙ ዋና ሰው በሆነው በሪክ ካፌ ውስጥ የጀርመን መኮንኖች ፒያኖ ከበው ዜማቸውን ሲያሰሙ፣ ናዚዎችን የሚታገለው ቪክቶር ላዝሎ ወደ ሙዚቀኞቹ ሄዶ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር እንዲጫወቱ ያዛል። ሙዚቀኞቹ ወደ ሪክ ይመለከታሉ፤ ሪክ ራሱን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋል። ከዚያ ካፌው በሙሉ ይነሣል። ካሜራው ኢቮን የተባለችውን ወጣት ሲያሳየን እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ትዘምራለች። ኢቮንን የተጫወተችው ማድሌን ለቦ በ1940 ጀርመኖች ሲገቡ ከፈረንሳይ የሸሸች ስደተኛ ነበረች፤ የጀርመኑን ሻለቃ የተጫወተው ኮንራት ፋይትም በ1933 ከናዚዎች የሸሸ ጀርመናዊ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተሰበሰቡት ተዋናዮች ብዙዎቹ አገራቸውን ጥለው የመጡ ስለ ነበሩ ያንን ስሜት ከሌላ ቦታ መዋስ አላስፈለጋቸውም። ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተርነትና በስክሪፕት ሦስት ኦስካር ወስዷል። እኔ ግን ሽልማቱን ሁሉ ለዚህች ትዕይንት ብቻ ብሰጣት አይቆጨኝም።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌቪዥኑ ራሱ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የድሮ ፊልም አሰልቺ ነው የሚለው ፊልሙን በተበላሸ መልኩ እያየ ነውና። «ካዛብላንካ» የተሠራው ጎኖቹ እኩል ወደ ሆኑ አራት ማዕዘን በተጠጋ ቅርጽ ስለሆነ በዛሬው ሰፊ ስክሪን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍት ቦታ ይተዋል። ይህ ጉድለት አይደለም። ባዶው ይሙላ ተብሎ ምስሉ ከተለጠጠ የዋናዋ ተዋናይት የኢንግሪድ በርግማን ፊት ይጠፈጠፋል፤ ከላይና ከታች ከተቆረጠም ዳይሬክተሩ የመደበው ሥፍራ ይፈርሳል። ሁለተኛው ጉዳይ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ስልት ነው። ፊልም በሰከንድ በ24 ምስሎች የተቀረጸ ሲሆን መሣሪያው በመካከላቸው ሌሎች ምስሎችን ፈጥሮ ያስገባል፤ ለኳስ ጨዋታ ይጠቅም ይሆናል፤ ድራማን ግን የስቱዲዮ ቀረጻ ያስመስለዋል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ የፊልም ሠሪ ምርጫ (Filmmaker Mode) የሚባለውን የምስል ዓይነት መምረጥ ይህን በአንድ ጊዜ ያስተካክላል፤ በሱቅ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ የተሞላውን ደማቅ ቀለምም ያረጋጋዋል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ቀለም የተቀባውን የ«ካዛብላንካ» ቅጂ ካገኙ ደግሞ ይለፉት። ጥላውና ብርሃኑ ለጥቁርና ነጭ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ ሲጨመርበት ጭሱም ጨለማውም ትርጉም ያጣሉ።

ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ ለሚፈልጉ የአንድ የእንግሊዝ ባላባት ቤተሰብንና የአገልጋዮቹን ሕይወት የሚያሳየውን ተከታታይ ድራማ «ዳውንተን አቤይ»ን የማቀርበው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ይዩ። ሰባት ክፍሎች ያሉት ይህ ምዕራፍ በ1912 ታይታኒክ የመስጠሟ ዜና ሲደርስ ጀምሮ በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲታወጅ ያበቃል፤ ራሱን የቻለ ሙሉ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ምዕራፎች ልብሳቸው ያምራል፤ ችግር ሁሉ ግን በጥቂት ክፍሎች ውስጥ እየተፈታ ስለሚሄድ ኃይላቸው ይቀንሳል። በአንጻሩ አገልጋዮቹን እንደ ሙሉ ሰው ማሳየቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» ያላደረገውን ይሞላል።

«ባሪ ሊንደን»ን ግን ከዚህ መርሐ ግብር ጋር አትቀላቅሉት፤ ለብቻው አንድ ምሽት ይገባዋል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ባወጣው በዚህ ፊልም በሻማ ብርሃን ብቻ የተቀረጹ ትዕይንቶች አሉ፤ ለዚህም ሲል የሌንስ ኩባንያው ካርል ዛይስ ለናሳ የሠራቸውንና እጅግ ብዙ ብርሃን የሚያስገቡትን ኤፍ 0.7 ሌንሶች ተጠቅሟል። እንዲህ ያለ ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ስፋት በጣም ጠባብ ስለሆነ ተዋናዮቹ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካሉ ይደበዝዛሉ፤ በቁማር ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ሥዕል ላይ የተቀመጡ እስኪመስሉ ድረስ የሚረጉትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሦስት ሰዓት የሚያህል ጊዜ ይወስዳል። የክፍሉ መብራት በሙሉ መጥፋት አለበት፤ በመስኮት በኩል የሚገባ የመንገድ መብራት እንኳን ቢሆን መጋረጃ ይጋረድበት፤ ከቴሌቪዥኑ ውጭ የሚታይ ሌላ ብርሃን ካለ የሻማዎቹ ነበልባል ከፊቶቹ ላይ ይጠፋል።