ቴሌግራም ለተበታተነ እድር፦ ከጅማ ሆነን ስንመዝነው

አባላቱ በየአገሩ ለተበተኑበት እድር አንድ መተግበሪያ ምረጡ ብንባል ቴሌግራምን እንመርጣለን። ምክንያታችን ብዙዎች እንደሚያስቡት የቀጥታ ስብሰባው ሳይሆን የድምፅ መልእክቱ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ያለው አባል መብራት ይጠፋበታል፤ ዋሽንግተን ያለችው ገና ሥራ ላይ ናት፤ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው ስልኳን የምትይዘው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። ሦስቱን በአንድ ሰዓት ማገናኘት ዘበት ነው። የመዋጮ ጥሪም ሆነ የሽማግሌ ምርቃት በድምፅ ተቀድቶ ሲላክ ግን ሁሉም በሚመቸው ጊዜ ይሰማዋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም የሰው እጅ ሳያዩ ሰምተው ይመልሳሉ። የአንድ ደቂቃ ድምፅ 1 ሜጋባይት እንኳ ስለማይሞላ ኔትወርኩ ሲዳከም ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የኢንተርኔት ጥሪ ላይ ገደብ ስላለ፣ ጥሪው በማያልፍበት ቦታ የተቀዳ ድምፅ ማለፉ ትልቅ ነገር ነው። የማይክራፎኑን ምልክት ተጭኖ ወደ ላይ መግፋት ይቆልፈዋል፤ ይህን የማያውቁ አዛውንቶች ጣታቸው ሲለቅ ንግግራቸው በግማሽ ይላካል። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና ይኸው ነው።

መርዶ ግን በግሩፕ አይነገርም። የጡሩምባውን ሥራ ስልክ ሲተካ የጠፋው ሥርዓት ይህ ነው፤ ልጅቱ ሳይነገራት የአባቷን ሞት ከማታውቀው አባል የሐዘን መልእክት ታነባለች። የእድሩ ጸሐፊ መጀመሪያ ለሐዘንተኛዋ ቅርብ የሆነ ሰው ፈልጎ በስልክ ይነግራል፤ ሰዎች ቤቷ ድረስ ሄደው ማልደው ያረዷታል፤ «ተነግሯታል» የሚል ቃል ሲመጣ ብቻ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። እስከዚያ ድረስ አስተዳዳሪዎች ብቻ እንዲጽፉ ግሩፑን መዝጋት ይቻላል፤ የአባላት ፈቃድ በሚለው ማስተካከያ ውስጥ መልእክት መላክን ማጥፋት ነው።

ዙምን ለትልቅ ቀን እናስቀምጠዋለን። ነፃው ከ40 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል፣ የሚይዘውም 100 ሰው ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ 40 ደቂቃ መሪው ሰላምታውን ሰጥቶ ሳይጨርስ ያልቃል። በድምፅ ብቻ ከሆነ በሰዓት ከ40 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ቪዲዮ ያበራ ሰው ግን በቀላሉ ከ500 ሜጋባይት በላይ ይጨርሳል። ጅማ ላይ በሞባይል ጥቅል ለሚገባ ሰው ልዩነቱ የሳምንት ወጪ ነው። ስለዚህ የሐዘንተኛው ቤት ካሜራ ብቻ ይብራ፤ ሌላው ያጥፋ።

ጸሎትና ዜማ ላይ ዙም አንድ ችግር አለው፣ መፍትሔውም ብዙም አይታወቅም። መተግበሪያው የሰው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያጠፋል። በኮሮናው ዘመን ጸሎታቸውን በመስመር ላይ ለማድረስ ለሞከሩ የቲቤት ሰዎች ይህ ከባድ ነበር፤ የመነኮሳቱ ዜማ ዝቅ ያለና የተጎተተ፣ የሚታጀበውም በከበሮና በረጅም መለከት ነውና። የእኛ ከበሮና የመንዙማው ድቤም እንዲሁ ይቆራረጣሉ። ከኦዲዮ ማስተካከያው ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት ማጣሪያውን ያነሳዋል። አብሮ መቀበል ግን በየትኛውም መተግበሪያ አይሆንም፤ ድምፅ ከቤት ቤት ሲደርስ ስለሚዘገይ አሜኑ ይደራረባል። አንድ ሰው ይምራ፣ ሌላው ማይኩን ዘግቶ ቤቱ ይቀበል።

የቲቤት ሰዎችን ያነሳነው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በስደት ሕንድ፣ ኔፓል፣ ስዊዘርላንድና ሰሜን አሜሪካ ተበትነው መሰባሰቢያቸውን ያላጡ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጉባኤ ሲከለከል መንፈሳዊ መሪያቸው ዳላይ ላማ ሕንድ ዳራምሳላ ካለው መኖሪያቸው ትምህርታቸውን በቀጥታ ሥርጭት ሰጡ፤ ትርጉሙም በየቋንቋው በተለያየ መስመር ተላለፈ፣ ቅጂውም ተቀመጠ። ይህን አሠራር ጅማ ላይ መውሰድ ይገባናል። አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ አባላት ባሉበት እድር አንዱን ንግግር በአንድ ስብሰባ መሀል እየተረጎሙ ማስኬድ ሰዓቱን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል፣ ሰውም ይሰላቻል። ሁለት የድምፅ ፋይል፣ እያንዳንዱ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በሁለት የተለያየ ርዕስ ሥር ይቀመጥ። የቴሌግራም ግሩፕ ርዕስ በርዕስ መከፈሉ ለዚህ ይመቻል፤ መዋጮውንም ከወሬው ይለያል።

ከእነሱ የምንማረው ሌላም አለ። ስደተኞቹ ቲቤት ውስጥ ከቀሩት ዘመዶቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ዊቻት በሚባለው የቻይና መተግበሪያ ነበር። ሕንድ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 22 ቀን 2012 ዊቻትን ጨምሮ 59 መተግበሪያዎችን ስታግድ ያ መስመር ተቋረጠ። በማግስቱ ሰኔ 23 እኛ አገር ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለሳምንታትም ቆየ። በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር በአንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። መፍትሔው ወረቀት ነው። ጸሐፊው የአባላቱን ስልክ በአሥር በአሥር ከፍሎ ለእያንዳንዱ አሥር አንድ ደዋይ ይመድብ፤ ዝርዝሩ ታትሞ በሦስት ቤት ይቀመጥ፤ ውጭ ካሉት መካከል ደግሞ ከጅማ በመደበኛ ስልክ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያስተላልፍ አንድ ሰው ይሰየም። ዝርዝሩ በየስድስት ወሩ ካልታደሰ ግማሹ ቁጥር አይሠራም።

ቀጥታ ስብሰባ ሲያስፈልግ የቴሌግራም የድምፅ ጉባኤ ይበቃል። የሚከፍተው አስተዳዳሪ ነው፤ ከመክፈት ይልቅ ቀን ቆርጦ ማስያዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰዓቱን ለእያንዳንዱ በራሱ ስልክ አቆጣጠር ያሳየዋል። «ሁለት ሰዓት» ብሎ መጻፍ ውጭ ያለውን ሰው ያሳስታል፤ ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አዲስ ገቢዎች ማይካቸው ተዘግቶ እንዲገቡ ያድርጉ፤ አለበለዚያ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ጉባኤውን ይውጠዋል። ቅጂ ካስጀመሩ ፋይሉ ግሩፑ ላይ አይመጣም፣ የቀዳው ሰው «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማስተላለፍ አይርሱ።

ድክመቱን እንናገር። ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዲወርድ ሆኖ ከቆየ አንድ ሞቅ ያለ ግሩፕ ጥቅሉን በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብቶ በሞባይል ዳታ የሚወርደውን ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። የቴሌግራም የግሩፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባዮቹ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም፤ የዋትስአፕ ግን ነው፤ የቤተሰብ ምስጢርና የሕክምና ወረቀት እዚያ አይለጠፍ። ዋትስአፕ በዚህ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚብሰው አካውንት መሰረቁ ነው። ሌባው በአንድ አባል ስም «ኮድ በስህተት ወደ አንተ ተልኮብኛል፣ ላክልኝ» ይላል፤ ኮዱ ከተሰጠ ስልኩ በእጅ እያለ አካውንቱ ይሄዳል፣ ከዚያም በባለቤቱ ስምና ፎቶ ብር ይለመናል። ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል («ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን») ለአዛውንቶቹ ልጆቻቸው አብረው ተቀምጠው ያብሩላቸው። የእድሩ የሂሳብ ቁጥር ግሩፑ አናት ላይ ተሰክቶ («ፒን» ተደርጎ) ይቆይ፤ ሌላ ቁጥር የሚልክ ሰው ገንዘብ ያዡ ራሱ ቢሆን እንኳ ተደውሎ ድምፁ ሳይሰማ አንድ ብር አይላክለት።