ስልኩ ጥሩ ነው፣ የመታወቂያዬ ነገር ግን አሳዘነኝ

ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ የሞባይል ሱቅ ስልክ ገዛሁ። ዕቃው ኦሪጅናል ነው፤ ዋጋውም ከጎረቤቶቹ ይሻላል። ችግሩ የመጣው "ለዋስትና" ተብዬ መታወቂያ ስጠየቅ ነው። ሻጩ ፋይዳዬን በራሱ ስልክ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ግሩፑ ውስጥ እነማን እንዳሉ ብጠይቀው "የሱቁ ልጆች ናቸው፣ አታስቢ" አለኝ።

ሂሳቡን የደመረልኝ ደግሞ በሌላ ደንበኛ የመታወቂያ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው! ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው የአንዲት እናት ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር። ክው አልኩ። አንድ ሌባ በዚህ ተነስቶ ሲም ካርዳቸውን በስማቸው ለማስቀየር ቢሞክርስ? ሲሙ ከተወሰደ እኮ በቴሌብር ያስቀመጡት ገንዘብም አደጋ ላይ ነው።

ለዋስትና ደረሰኙና የስልኩ መለያ የሆነው አይኤምኢአይ ቁጥር ይበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። እዚያ ሱቅ የምትሄዱ መታወቂያችሁን አሳዩ እንጂ ፎቶ አታስነሱ። እኔ ፎቶዬን ከግሩፑም ከስልኩም እያየሁ አስጠፋሁት። የእናትየዋን ኮፒ ካሸሯ ራሷ ከእጄ ተቀብላ ቀዳደደችው፤ እግዚአብሔር ይስጣት።