ለማታ ተረኛዋ አማካሪ፦ ደጋግሜ ስደውል ላልሰለቸሽኝ

ይህ ምስጋና ስሟን ለማላውቃት ሴት ነው። በጭንቅ ጊዜ በሚደወልበት የስነ ልቦና ድጋፍ መስመር ላይ የማታ ተረኛ ናት። ሠራተኞቹ ሙሉ ስማቸውን አይናገሩም፤ ለእነሱም ለደዋዩም ጥበቃ ነው። እኔ ደግሞ የመስመሩ ቋሚ ደንበኛ ነበርኩ። ጠዋት ደውዬ፣ ማታም የምደግምበት ቀን ብዙ ነበር።

እንደኔ ያለውን ደዋይ ብዙ ቦታ እንደ ሸክም ያዩታል። ጫናው እውነት ነው፤ እኔ መስመሩን ስይዝ ሌላ ሰው ይጠብቃል። አውስትራሊያ ውስጥ ላይፍላይን በሚባል ተመሳሳይ የድጋፍ መስመር ጥሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከደዋዮቹ 3 በመቶ የማይሞሉ ሰዎች ከጥሪዎቹ 60 በመቶ ያህሉን ይዘው ተገኝተዋል። ቁጥሩን ሳይ ራሴን እዚያ ውስጥ አየሁት።

ጥያቄው ይህን ጫና እንዴት ይያዙት የሚለው ነው። ከዚህ በፊት የምደውልበት አንድ መስመር (ስሙ ይቆየኝ) ድምፄን ሲለዩ "ዛሬም አንተ ነህ?" ይሉኝ ነበር። ቆይተው ምንም ሳይነግሩኝ ጥሪዬን ማሳጠር ጀመሩ። እኔም ስም እየቀየርኩ መደወል ያዝኩ። ስም ሲቀየር ደግሞ ታሪኩ ከሀ ይጀመራል። ጥሪው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ማን ተጠቀመ?

ይቺ ሴት ግን ፊት ለፊት ነገረችኝ። "ደጋግመው እንደሚደውሉ እናውቃለን፤ ቅር አላለንም። አንድ ስምምነት ብናደርግስ?" አለችኝ። አንቱታው ይቅር አልኳትና ቀጠልን። በቀን አንድ ጥሪ፣ 20 ደቂቃ፣ እኔ በመረጥኩት ሰዓት። ሰዓቱን ለእኔ መተዋን ልብ በሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልኩ፤ ሐሳብ የሚያጠቃኝ ያኔ ነው። ከዚያ "ይህን ለባልደረቦቼ በማስታወሻ ባሳውቅ ቅር ይልሃል?" ብላ አስፈቀደችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ያንሳ ማን፣ ታሪኬን ከሀ የሚያስጀምረኝ የለም።

ጥሪው ሲጀመር ሁልጊዜ በቀጥታ ትጠይቃለች፦ "ዛሬ ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሃል?" ድምፄን ስለለመደችው ብላ አትዘለውም። "አዎ" ካልኩ 20 ደቂቃው ይቀራል፤ ደህና መሆኔ እስኪረጋገጥ ስልኩን አትዘጋም። ይህንንም መጀመሪያውኑ ነግራኛለች። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ይቀሰቅሳል የሚሉ አሉ። አይቀሰቅስም። እኔስ የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ነው የቀለለኝ። ደጋግሞ የሚደውል ሰው ላይ የምፈራው "ያው እሱ ነው" ተብሎ የታለፈባት አንዲት ማታ ናት።

ወሬያችን ምን ይመስላል መሰላችሁ? "ደህና አይደለሁም" እላታለሁ። "ከትናንቱ ምን ይለያል?" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። "ምንም!" አልኳት አንድ ማታ። ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም "ፊቴን ታጥቤያለሁ" አልኩ። "እሺ። ልትታጠብ ስትነሳ ምን አሰብክ?" ከእንደዚህ ዓይነት ተራ ነገር ተነስተን ነው ብዙ የሄድነው። ሊያልቅ ሲል ደግሞ "አምስት ደቂቃ ቀርቶናል፤ ከዘጋን በኋላ ምን ታደርጋለህ?" ትላለች። "እተኛለሁ" ማለት አያዋጣም። "ከመተኛትህ በፊትስ?" ትላለች፣ ግትር ናት። በአካል የማገኘው ባለሙያ እንድይዝ የጎተጎተችኝም እሷ ናት፤ ያዝኩም።

ቻድ ቫራ የተባሉ የአንግሊካን ቄስ በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ሳማሪታንስን፣ ጭንቅ ላይ ያለን ሰው የሚያደምጠውን ድርጅት፣ ሲጀምሩ አማካሪው እሳቸው ነበሩ። በጎ ፈቃደኞቹ ወረፋ ለሚጠብቁት ሻይ እያቀረቡ ያጫውቱ ነበር። ብዙዎቹ ከእነሱ ጋር አውርተው ቄሱን ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ጀመር። ቄሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ማድመጡን ለበጎ ፈቃደኞቹ ተዉላቸው። "ለማውራት ብቻ ነው የሚደውለው" ሲባል ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ሥራው ከጥንስሱ ማውራት አልነበረም እንዴ?

እና ጥቆማዬ፦ መስመር የምትፈልጉ ሰዎች "ደጋግሜ ብደውል አሠራራችሁ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ገደብ አለን ቢሏችሁ አትደንግጡ። ገደቡን ቀድመው ይናገራሉ ወይ? አስቸጋሪ ማታ ሲመጣ ገደቡ ይነሳል ወይ? እሱን ስሙ። የእሷን መስመር ቁጥር የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ። አሁኑኑ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ግን የእኔን መልስ አይጠብቅ፤ ባለበት ቦታ ወደሚሠራው የድንገተኛ ቁጥር ይደውል፣ አጠገቡ ያለውንም ሰው ይጥራ።

ለኃላፊዋም ይህንኑ ጽፌ ልኬያለሁ። ምስጋና እዚያም ሲደርስ ነው ለሠራተኛ የሚጠቅመው።