በረሃን ለማስቆም፦ ችግኝ ወይስ ጉቶ?

የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው አረንጓዴ ግንብ (በረሃን የሚገታ የዛፍና የዕፅዋት ቀበቶ) ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር እንዲዘልቅ ታስቦ ነው። እኛም አለንበት። ግን በምን ይገንባ? አዲስ ችግኝ በመትከል ወይስ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ እንደገና እንዲያድግ በመንከባከብ?

ወጪ፦ ችግኝ መትከል ማፍያ ጣቢያ፣ ጉድጓድ፣ ውሃና ጥበቃ ይፈልጋል። ጉቶ የሚጠይቀው ገጀራና ትዕግስት ነው። ካቆጠቆጠው ውስጥ ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት ቀንበጥ መተው፣ ሌላውን መመልመል፣ በቃ። ሥሩ ቀድሞውኑ መሬት ውስጥ ስላለ ድርቁን ይችለዋል። የኒጀር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ያለበሱት በዚህ መንገድ ነው። የእኛው የወላይታው ሁምቦም በአብዛኛው እንዲሁ አገገመ።

አደጋ፦ ችግኝ ፎቶ ላይ ያምራል፣ በጋ ሲመጣ ይደርቃል። ጉቶን ፍየል ትጨርሰዋለች፤ ዛፉ የገበሬው ካልሆነ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል?

ሥር የቀረበት ማሳ ላይ ጉቶው ያዋጣል። ጭራሽ የተራቆተ መሬት ወይም ተንቀሳቃሽ አሸዋ ከሆነ መትከል ግድ ነው። ፍራፍሬ ለሚፈልግም እንደዚያው።