ደሴ ተወልዶ ዋይት ሀውስ?

የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጥቶ ደሴ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። አክስቴ ድንገት «አንተ ልጄ፣ ዜግነቱን ካገኘህ እዚያ ፕሬዚዳንት መሆን ትችላለህ?» አለችው።

አይችልም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እጩው በትውልድ ዜጋ እንዲሆን ያዛል፤ ዕድሜው ቢያንስ 35፣ በአገሪቱ የኖረውም 14 ዓመት። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ካሊፎርኒያን ከ2003 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. አስተዳድሯል፤ ኦስትሪያዊ ሆኖ ስለተወለደ ግን ከዚያ በላይ መንገድ የለውም። ሴናተር ቴድ ክሩዝ ካናዳ ቢወለድም እናቱ አሜሪካዊት ናትና በ2016 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል፤ ንትርኩ ግን አልቀረለትም።

የኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱን የት ተወለድክ አይልም፣ ዕድሜም አይቆጥርም። የተወካዮች ምክር ቤት እጩ ያቀርባል፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣል። (ዋናው ሥልጣን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፣ እሱን እንተወው።) የሚከብደው ሌላ ጋ ነው። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን እንደተወ ይቆጠራል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም ቪዛ ያስቀርለታል እንጂ መምረጥም መመረጥም አያስችለውም።

ስለዚህ ልጃችን ከሁለቱም ቀርቷል። ለኔ የኛው ይሻላል። ተመልሶ እዚህ ቢኖር፣ የአሜሪካውን ቢተውና ቢያመለክት ዜግነቱን ማግኘት ይችላል። የተወለደበትን ግን ማን ይቀይርለታል?

«ልጅህስ?» አለች አክስቴ በረካውን እየቀዳች።

«እሷማ እዚያው ተወልዳ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«እንግዲያ 26 ዓመት ቀራት።»