ወርልድ ፕሪዝን ብሪፍ፦ ለአዲስ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ምን ያህል ይጠቅማል?

የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት እንዲሻሻል በሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ከተቀጠርሁ ገና ጥቂት ወራት ቢሆኑኝም፣ ሳልከፍተው የምውለው ቀን የሌለ የመረጃ ቋት ቢኖር ወርልድ ፕሪዝን ብሪፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ይህ አገልግሎት ዛሬ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በበርክቤክ በሚገኝ የወንጀልና የፍትሕ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ከ220 በላይ የሚሆኑ የእስር ቤት አስተዳደሮችን አኃዝ በነፃ ያቀርባል።

የአንድን አገር ገጽ ሲከፍቱ የእስረኞች ጠቅላላ ብዛት፣ ከ100,000 ሕዝብ ስንቱ እንደታሰረ፣ ፍርድ ያላገኙት ድርሻ፣ የሴቶች፣ የወጣቶችና የውጭ አገር ዜጎች መቶኛ፣ የማረሚያ ቤቶቹ ቁጥርና የመያዝ አቅማቸው በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ይገኛሉ። እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ከአኃዙ አጠገብ በትንንሹ የሚጻፈው ቀን ነው። ጋዜጠኛ ደውሎ «ቁጥሩ የመቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እዚያው አለ። አንዱ አገር ያለፈውን ወር፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በፊት የተቆጠረውን ሊያቀርብ ስለሚችል፣ ቀኑን ሳያዩ ሁለት አገሮችን ማወዳደር አያዋጣም።

ስህተት መሥራቴ ግን አልቀረም። በመጀመሪያው ሳምንት ባረቀቅሁት ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ «175 በመቶ» የሚለውን የመጨናነቅ መጠን አይቼ «ማረሚያ ቤቶቹ ከአቅማቸው በ175 በመቶ በላይ ሞልተዋል» ብዬ ጻፍሁ። የቅርብ ኃላፊዬ ዐረፍተ ነገሩን አሥምረውበት ከጎኑ «ለ100 ሰው በተሠራው ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ብቻ አሰፈሩ። መልሱ 175 ነው፤ ትርፉ 75 በመቶ እንጂ 175 አይደለም። ከዚህም በላይ፣ የመያዝ አቅም የሚባለውን ቁጥር የሚያስታውቀው ራሱ መንግሥት በመሆኑ፣ አንድ አልጋ ሳይጨመር በወረቀት ላይ አቅምን ከፍ በማድረግ ብቻ መጨናነቁ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ሰንጠረዡ ይህን አይነግርም፤ ሊነግር የሚገባው ጸሐፊው ነው።

የደረጃ ዝርዝሩም ለአዲስ ሠራተኛ ፈተና ነው። ተቋሙ በሚያወጣው የዓለም የእስረኞች ቁጥር ዝርዝር 11ኛ እትም ላይ አንደኛ የሆነችው ሲሼልስ ነበረች፦ ከ100,000 ሕዝብ 799 እስረኛ፣ አሜሪካም በ698 ተከትላት። የሲሼልስ እስረኞች በጠቅላላው ግን 735 ብቻ ነበሩ፤ ከ100,000 በታች ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር በመሆኗ፣ በባሕር ላይ ውንብድና ተይዘው እዚያ የታሰሩ ጥቂት የውጭ ሰዎች እንኳ ምጣኔውን ከፍ ያደርጉታል። ምጣኔውን ብቻ ይዞ «ከዓለም አንደኛ» ብሎ ርዕስ ማውጣት ውሸት ባይሆንም አሳሳች ነው፤ አጠገቡ ጠቅላላው ቁጥር መቀመጥ አለበት።

በቃላት ረገድ አማርኛችን ረድቶናል ብዬ አምናለሁ፤ ፍርድ ያልተሰጠውን «የቀጠሮ እስረኛ»፣ የተሰጠውን «ፍርደኛ» ብሎ ይለያል። በሰንጠረዡ ላይ ይህ ልዩነት አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፣ ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በሕግ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት ያለውን ሰው «ወንጀለኛ» ብሎ የሚጠራ መግለጫ፣ ድርጅቱ የሚታገልለትን መብት ራሱ ይጥሳል። በአንዳንድ አገሮች በፖሊስ ጣቢያ የተያዙ ሰዎች በጠቅላላው ቁጥር ውስጥ እንደማይካተቱም በማስታወሻው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ የማይሸፍነው ትልቁ ጉዳይ ፍሰት ነው። የእስረኞች ብዛት የሚቆጠረው በአንድ ቀን እንጂ በዓመቱ ውስጥ ስንት ሰው ገብቶ እንደወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ በአሜሪካ የአካባቢ እስር ቤቶች በአንድ ቀን የተገኙት 660 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ በዚያው 12 ወር የተመዘገበው የመግባት ብዛት ግን 7.3 ሚሊዮን ነበር፤ ይህ ቁጥር የወጣው ከአገሪቱ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው። የዋስትና መብትን በሚመለከት የሚጻፍ መግለጫ በዕለት ቆጠራ ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ ሦስት ቀን ታስሮ በዚያው ምክንያት ሥራውን ያጣው ሰው ከታሪኩ ይወጣል።

ስለዚህ ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆነ ሰው አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ጋዜጠኛ ከመደወሉ በፊት የአገሩን ገጽ አንድ ጊዜ ከነማስታወሻዎቹ እስከ ታች ያንብብ። ሰዎች ለምን እንደታሰሩና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ ለሚጠየቀው ግን የየአገሩን የፍርድ ቤትና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዘገባ ጎን ለጎን መክፈት ግድ ነው።