ፓምፑ ድምፅ ስላሰማ ነዳጅ እየገፋ ነው ማለት አይደለም፦ ስለ ነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ

ይሄን ጌጅ ከገዛሁት ሁለት ወር ሆነኝ፣ ስለሱ ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት ግን ዛሬ ነው። ድሮ ሞዴል ቤንዚን ፒክአፕ ያለው ሰው ሁሉ እቃ ከመቀየሩ በፊት ቢያንስ ከጓደኛ ተውሶም ቢሆን ይሄን ነገር ይሰርበት እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

የኔ መኪና የ1992 ሞዴል ነው፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኢንጀክሽን (ነዳጁ በግፊት የሚረጭ)። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በደንብ ያዞራል ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ባትሪው ምንም አላለም፣ በቴስተር 12.6 ቮልት ነው፣ እያዞረም ከ10 በታች አልወረደም። ካንዴላ ፈተን አየን፣ እሳት አለ። ከዛ አየር ማስገቢያው ላይ የማስነሻ ስፕሬይ ትንሽ ነፋንበት፣ ተነሳና ሁለት ሰከንድ እንኳን ሳይቆይ ጠፋ። ይሄ ትልቅ መልስ ነው በነገራችን ላይ፣ እሳትም አለ ኮምፕረሽንም (የሲሊንደር እመቃ) አለ የጎደለው ነዳጅ ነው ማለት ነው። (የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖ ያለምንም ጭነት ነበር የሚያዞረው፣ ስፕሬይም አያስነሳውም።)

እስከዚህ ድረስ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነበርን፣ የተሳሳትነው ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፍ ስከፍት ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ እዝዝዝ ይላል፣ ስለዚህ መካኒኩም እኔም "ፓምፑ ይሰራል" ብለን አለፍነው። ኢንጀክተር ታጠበ፣ አልተነሳም። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ፣ አልተነሳም። በመጨረሻ እስቲ ለማንኛውም ተብሎ ሰርባቶዮው ወርዶ አዲስ ፓምፕ ተገጠመ፣ አሁንም ያው። ሁለት ሳምንት መኪናዬ ቆሞ ሳየው በጣም ነው ያዘንኩት፣ ጌጁን የገዛሁት ያኔ ነው።

ኪቱ በፕላስቲክ ሳጥን ነው የሚመጣው፣ እስከ 10 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ ጌጅ፣ ረጅም ቱቦ፣ ግፊት ማስተንፈሻ ቁልፍ ከቀጭን ቱቦ ጋር፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ቲ የሚባሉት ማገናኛዎች እና ማሰሪያዎች አሉት። የኔ መኪና ላይ መፈተሻ ቫልቭ ስለሌለ ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ አላቀን ቲውን መሀል አስገባነው። እባካችሁ እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ሞተሪኖውን ትንሽ አዙሩት ግፊቱ ይውረድ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ጨርቅ ያዙበት፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ። ቤንዚን ነው።

ሁሉን መልሰን ቁልፍ ስከፍት ቀስቱ 1 ባር እንኳን አልሞላም፣ ማንዋሉ የሚለው 2.7 አካባቢ ነው። በአዲስ ፓምፕ! ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ይሆን ብለን ወደ ሰርባቶዮ የሚመለሰውን የጎማ ቱቦ ፓምፑ እየሰራ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቆንጠጥ አደረግነው፣ ሬጉሌተሩ ቢሆን ኖሮ ቀስቱ ይዘል ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ ፓምፑ ራሱ አቅም አጥቷል፣ አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን? ቴስተሩን ፓምፑ ጋ ባለው ሶኬት ላይ ፓምፑ እየሰራ አስቀመጥን፣ 8 ቮልት። ባትሪው ላይ ከ12 በላይ አለ፣ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 8 ነው። ለፓምፑ ኮረንቲ የሚያስተላልፈውን ሪሌ ነቅለን 30 እና 87 የሚባሉትን ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው ሽቦ ስናገናኛቸው ቀስቱ 2.8 ላይ ቆመ፣ ሞተሩም በመጀመሪያው ተነሳ። ሪሌውን ስንከፍተው ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ቀጭ የሚል ድምፅ ግን ያሰማ ነበር፣ ለዛ ነው ማንም ያልጠረጠረው። አሮጌው ፓምፕም ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ዝም ካለ ሁሌ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ለምሳሌ 22 አር ኢ ሞተር ያላቸው የድሮ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚሰራው ሞተሪኖው ሲዞር ወይም አየር ሲሳብ ብቻ ነው፣ እነሱ ላይ ኮፈኑ ስር ባለው መፈተሻ ሶኬት ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ የሚሉትን አገናኝታችሁ ቁልፍ ከፍታችሁ ነው የምትለኩት።

ወደ እቃው ስመለስ፣ የወደድኩት ቱቦው ረጅም መሆኑን ነው፣ ከኮፈኑ ስር አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስሬው እየነዳሁ ማየት ችያለሁ፣ ዳገት ላይ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ለማወቅ ጠቅሞኛል። ሞተር ካጠፋሁ በኋላም ቀስቱ ቶሎ ወደ ዜሮ እንዳልወረደ ስላየሁ ኢንጀክተርም የፓምፑ ቫልቭም እንደማያፈስ አረጋገጥኩ። ያልወደድኩት ማሰሪያዎቹን ነው፣ ሁለቱ ገና ሲጠብቁ ጥርሳቸው ዘለለ፣ ከራሴ የተሻለ አምጥቼ ነው የሰራሁት፣ ቤንዚን የሚይዝ እቃ ላይ እንዲህ አይነት ማሰሪያ መስጠት ልክ አይደለም። መመሪያ ወረቀቱም ስዕል ብቻ ነው፣ ለጀማሪ አይበቃም።

ካርቡሬተር ላለው መኪና አትግዙት፣ የዛ ፓምፕ ግፊት ከግማሽ ባር ስለማያልፍ እዚህ ጌጅ ላይ ቀስቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ዝቅተኛ የሚያነብ ሌላ አለ። የናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከኢንጀክሽን ፓምፑ ወደ ኢንጀክተር በሚሄደው ቱቦ ላይ በፍጹም እንዳታስሩት፣ እዛ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ነው፣ ሰው ይጎዳል።

ማሰሪያዎቹን ቢያስተካክሉ 5 እሰጠው ነበር፣ አሁን ከ5 4።